ወፏን ምን ገደላት?

የሞተች ወፍ ስታገኙ መጀመሪያ ቀና በሉ። ከላያችሁ የመብራት ሽቦ አለ? የፎቅ መስታወት አለ? ትልቅ ዛፍ አለ? ከዚያ ዙሪያውን ቃኙ፤ ሌላ የሞተ አለ ወይስ ብቻዋን ናት? በእግር ገልበጥ ማድረጉን ለኋላ ተዉት። አንዴ ከተነካች ግማሹ ማስረጃ ይጠፋል። ለነገሩ ከሬሳው ይልቅ ብዙ የሚናገረው ቦታው ነው።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከቁስቋም ወደ ፋሲል መዋኛ በእግሬ መውረድ ልማዴ ነው። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ከሆነ ጥያቄው አያልቅም፤ የሞተ ወፍ ካየ ደግሞ መልስ ሳያገኝ አይንቀሳቀስም። ይኸንን የምጽፈው እንደሱ ላሉት ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጋችሁ ስልክና ሁለት ፌስታል ብቻ ነው። ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ምሰሶውና ዛፉ እንዲታይ አድርጋችሁ ከራቅ ብላችሁ። ከዚያ ፌስታሉን እጃችሁ ላይ እንደ ጓንት አጥልቁት። በባዶ እጅ በጭራሽ አይሆንም።

ላባ ብቻ ተበትኖ ካገኛችሁ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ቁስቋም አጥሩ ሥር የዋኖስ ላባ ክብ ሠርቶ ፈሶ አየን። ልጁ ወዲያው «ድመት ናት» አለ። አንዱን የክንፍ ላባ አነሳሁና ሥሩን አሳየሁት። ሥሩ ሙሉ ነው፣ ጫፉ ሹል ነው፣ አልተቆረጠም። ከዘንጉ ላይ ትንሽ እጥፋት አለች፤ ምንቃር የያዘበት ቦታ። ጭልፊትና መሰሎቹ ላባ የሚነቅሉት እየጎተቱ ስለሆነ ከነሥሩ ይወጣል። ድመትና ውሻ ግን በጥርስ ይቆርጡታል፤ ላባው ከመሃል ይበጠሳል፣ በምራቅም ተጣብቆ እፍኝ እፍኝ ሆኖ ይቀራል። «ታዲያ ጭልፊቱ የት ሄደ?» አለኝ። በልቶ ሄደ፣ ሌላ ምን ይሠራል! አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በሌላ ምክንያት የሞተችን ወፍ ውሻ መጥቶ ሊያኝካት ይችላል። የጥርስ ምልክት ስላያችሁ ብቻ ገዳዩን አገኘነው አትበሉ።

ሽቦ ሲሆን መልሱ ያለው ከምሰሶው ጋር ባለው ርቀት ላይ ነው። ድንቢጥ ሽቦ ላይ ቀኑን ሙሉ ብትውል ምንም አትሆንም፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ሌላ የሚያልፍበት መንገድ የለውም። ቁራ ወይም ጥንብ አንሳ ግን ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሽቦ በአንዴ ይነካል፣ ወይም ሽቦውንና የምሰሶውን ብረት ያገናኛል። ያኔ አበቃ። እንዲህ የሞተ ወፍ ከምሰሶው ሥር ነው የሚገኘው። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ያየሁት ቁራ እግሩ ላይ ትንሽ የተቃጠለች ጥቁር ነጥብ ነበረችው፣ የክንፉ ላባ ጫፍም ተለብልቧል። ሌላ ቁስል የለም። በሁለት ምሰሶ መሃል ወድቆ፣ ክንፉ ተሰብሮ፣ የቃጠሎ ምልክት ከሌለው ግን ሽቦውን ሳያየው ሲበር ተጋጭቶ ነው።

መስታወትም እንደዚሁ ነው። አሁን ከተማው ውስጥ ፎቁ ሁሉ መስታወት በመስታወት ሆኗል፤ ወፏ በውስጡ የምታየው ሰማይና ዛፍ ነው። ከግድግዳው ሥር፣ ምንም ያልሆነች መስላ፣ ምንቃሯ ላይ ትንሽ ደም ይዛ ካገኛችኋት ሌላ ምርመራ አያሻም።

በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከአንድ ዛፍ ሥር ብዙ ወፍ ሞቶ ብታዩ አትደንግጡ። ማታ በረዶ ጥሎ እንደሆነ ሰፈሩን ጠይቁ። ቅጠሉም አብሮ ረግፎ ታገኙታላችሁ።

ይኸ ሁሉ ካልሆነ ወደ ሬሳው እንመለስ። በፌስታሉ ደረቷን ዳሰስ አድርጉ። መሃል ላይ የቆመ አጥንት አለ። ግራና ቀኙ ሥጋ ሞልቶት ክብ ከሆነ ወፏ ደህና ስትበላ ቆይታ በድንገት ሞታለች፤ ብዙ ጊዜ አደጋ ወይም መርዝ ነው። አጥንቱ ወጥቶ ስለታም ከሆነ ከርማ ነው የሞተችው፤ በሽታ ወይም ረሃብ። ለእኔ ከሬሳው ሁሉ ትልቁ መረጃ ይኼ ነው። ዓይኗንም እዩ፤ ሞልቶ የሚያበራ ከሆነ ገና ሰዓታት ነው፣ ከሰረጎደ ቆይታለች።

ገጠር ዳር ስትጠይቁ ሰዉ ሁሉ «መድኃኒት በልታ ነው» ይላችኋል። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጣቶቿ ጭብጥ ብለው ደርቀው፣ ምንቃሯ ውስጥ እህል ቀርቶ፣ ደረቷ ሥጋ ሞልቶት፣ በአጠገቧም ሌላ ዓይነት ወፍ ሞቶ ካያችሁ እኔም መርዝ እጠረጥራለሁ። በተለይ ሰሞኑን ማሳ ተረጭቶ ከሆነ። ጥንብ አንሶች ከሞተ ውሻ አጠገብ ወድቀው ከታዩ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ውሻው በመርዝ ሞቷል፣ እነሱም እሱን በልተዋል።

ጥንብ አንሳን ካነሳን አይቀር፣ የሕንድና የፓኪስታኑ ታሪክ ይገርመኛል። እዚያ ጥንብ አንሶች እየረገፉ ብዙዎች በሽታ ነው ብለው ገምተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 መልሱ ተገኘ፤ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ ነው። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ወፎቹ ሥጋውን ይበላሉ፣ ኩላሊታቸው ይቆማል። ሆዳቸው ሲከፈት የውስጥ አካላቸው ነጭ ዱቄት ለብሶ ነበር። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006 ነው።

በሽታ ሲሆን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ወፍ በተከታታይ ቀናት ይሞታል። እርግቦች አንገታቸው ተጣሞ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው ከሆነ ፈንግልን ጠርጥሩ። ወደ አንገረብ ግድብ ወይም ጎርጎራ ሄዳችሁ ዳክዬዎች ተበታትነው ሞተው ካያችሁ ግን ምርመራውን እዚያው አቁሙ። የወፍ ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ ላይ 18 ሰው ይዞ 6ቱን ገድሏል፣ በ2006 ደግሞ ናይጄሪያ ገብቷል። አትንኩ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ስላለው የሚጠየቅ ባለሙያ አይጠፋም።

ባለሙያ አምጡ ካላችሁ ወፏን በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ በበረዶ አቀዝቅዙና በዚያው ቀን አድርሱ። ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱ፤ በረዶ ሆኖ ሲደርቅ ሥጋው ይበላሽና ምርመራው ይከብዳል። ከቤት ሥጋ ጋር ማስቀመጥማ አይታሰብም። ካልተፈለገች ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሯት፣ ውሻ እንዳያወጣት ድንጋይ ጫኑባት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዶሮ የምታረቡ ደግሞ ጫማችሁን ሳታጥቡ ወደ ዶሮ ቤት አትግቡ።