ማውስ ሲያነክስ ከርነሉ ምን እንዳለ አንብቡ

ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎካችን ስር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ማውሱ አበደ!» ወርጄ አየሁት። ጠዋት ሲከፈት ደህና ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቀስቱ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ሁለት ማውስ ቀይረዋል፤ ሦስተኛ ሊገዙ ነበር።

ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ይሄ ሲገጥማችሁ ለማውስ ብር አታውጡ። ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት ክፈቱ። በላቲን ፊደል ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቂያ ነው) ብላችሁ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ የሚሉትን አምስት ፊደላት ገጥማችሁ ጻፉ። ከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹን የሚያዘው የሊኑክስ እምብርት፣ ከተነሳ ጀምሮ ያለውን ይዘረግፈዋል። አትደንግጡ፣ አብዛኛው አያስፈልጋችሁም። የምትፈልጉት በእንግሊዝኛ «አይአርኪው 16፦ ኖባዲ ኬርድ» የሚለውን ነው፤ አይአርኪው ዕቃዎች ከርነሉን የሚጠሩበት መስመር ነው፣ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል። ማንም ከቁብ አልቆጠረኝም ማለቱ ነው።

የጋራ በር ያለው ብሎክ አስቡ። በሩ ይንኳኳል። ጥበቃው በየቤቱ ይጠይቃል፤ ሁሉም «የእኔ እንግዳ አይደለም» ይላል። ማንኳኳቱ ግን አያቆምም። መጨረሻ ላይ ጥበቃው ተናዶ በሩን ይቀረቅረዋል። ከርነሉም በአንድ መስመር ከመጡ 100,000 ኢንተራፕቶች (የዕቃዎች ማንኳኳት ማለት ነው) ውስጥ ከ99,900 በላዩን ባለቤት ካጣለት መስመሩን ይዘጋዋል። ችግሩ፣ በዚያው በር የሚገባው ማውስም ውጭ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከርነሉ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ብቻ በቀዳዳ አጮልቆ ያያል። ዝላዩ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አሁን በሩን እነማን እንደሚጋሩት እዩ። ፕሮክ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ኢንተራፕትስ የሚል ፋይል አለ፤ ካት በሚባለው የተርሚናል ትእዛዝ ክፈቱት። 16 ቁጥር ላይ ከቀኝ ጫፍ የድራይቨሮቹ፣ ማለትም ዕቃዎቹን የሚያሠሩት ፕሮግራሞች ስም ተደርድሯል። ጎረቤቴ ጋ ማውሱ የተሰካበት ዩኤስቢ አለ። ዋይፋይ እንዲይዝ ተብሎ ከመርካቶ የተገዛው ያገለገለ ካርድ ግን የለም። ድራይቨር አልተጫነለትም፤ ስለዚህ ሲያንኳኳ አቤት የሚለው የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ ገመዱን ነቅዬ፣ ካርዱን አወጣሁት።

የሚነቀል ነገር ከሌለስ? ባዮሱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ፕሮግራም አድሱ። ለጊዜው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግሩብ የሚባለው የማስነሻ ዝርዝር ሲመጣ ኢ ተጫኑ፣ ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ «አይአርኪውፖል» በላቲን ፊደል ጨምሩና ኤፍ10 ተጫኑ። ኮምፒውተሩ ለሚነሳባት ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ማሽኑንም ትንሽ ያንቀራፍፋል፤ እኔ ብዙም አልወደውም።

ኮምፒውተሩን ሳታጠፉ መልእክቱን በስልክ ፎቶ አንሱት። እኛ ሰፈር መብራት አይታመንም።