የቻይንኛና የእንግሊዝኛን ዓረፍተ ነገር እንዴት እናነጻጽር? አማርኛችሁን ይዛችሁ ኑ

ቻይንኛ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ አስቦ ቃላቱን አንድ በአንድ ይገለብጣል። መማሪያው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ አይፈረድበትም። ግን አማርኛን እዚህ ጋ መተው ትልቅ ኪሳራ ነው።

መጀመሪያ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በሦስቱም ቋንቋ ከላይ ወደ ታች ጻፉ።

አይ ቦት ኧ ቡክ ኢን ቤጂንግ የስተርዴይ።
ወ ዙዎትየን ዛይ ቤይጂንግ ማይ ለ ዪ በን ሹ።
እኔ ትናንት ቤጂንግ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ገዛሁ።

አሁን ግሱን አስምሩበት፦ ቦት፣ ማይ፣ ገዛሁ። በእንግሊዝኛም በቻይንኛም ግሱ ከመጽሐፉ ይቀድማል፣ እኛ ጋ መጨረሻ ላይ ነው። (ማይ ስትሉ ቃናውን ተጠንቀቁ። ዝቅ ብሎ ቀና ሲል መግዛት ነው፣ ከላይ ቁልቁል ሲወርድ ግን መሸጥ ይሆናል፤ ፊደላችን ደግሞ ይህን አያሳይም።)

ቀጥሎ «መቼ» እና «የት» የሚመልሱትን ቃላት አክብቡ። እንግሊዝኛው ጭራ ላይ አስቀመጣቸው። ቻይንኛው ግን ልክ እንደኛ ከግሱ በፊት ጨረሳቸው፤ እኔ፣ ትናንት፣ ቤጂንግ እያለ እስከ ግሱ ድረስ ከአማርኛው ጋር እኩል ይሄዳል («ዛይ» እዚህ የኛን «ውስጥ» ሥራ ይሠራል፣ ግን ከቦታው ስም ይቀድማል)።

ከዚያ ትንንሾቹን ቃላት እዩ። ማይ እንደ ገዛሁ፣ ገዛሽ፣ ገዙ አይለዋወጥም። «ለ» ድርጊቱ መፈጸሙን ብቻ ይናገራል፤ «ነገ ገዝቼ ስጨርስ» ለማለትም ስለሚገባ የኃላፊ ጊዜ ምልክት አድርጋችሁ አትያዙት። «በን» መጽሐፍ የሚቆጠርበት ቃል ነው። እኛ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት እንደምንለው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እነሱ ሲቆጥሩ ለሁሉም ነገር ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ቃል መፈለጋቸው ነው።

እኔ በጣም የምወደው ቀጣዩን ነው። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» በሉ። እንግሊዝኛው «ዘ ቡክ አይ ቦት የስተርዴይ» ብሎ መጽሐፉን ያስቀድምና ማብራሪያውን ከኋላ ያስከትላል። ቻይንኛው፦ ወ ዙዎትየን ማይ ደ ሹ። እኔ፣ ትናንት፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ! ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። «ደ» የኛን «የ» ሥራ ይሠራል፣ ቦታው ብቻ ከኋላ ነው፤ «የእኔ መጽሐፍ» ራሱ «ወ ደ ሹ» ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስብ ሰው እዚህ ጋ ሐረጉን መገልበጥ አለበት፣ እናንተ ግን ዝም ብላችሁ መከተል ነው። ሐረጉ ሲረዝም ጥቅሙ ይበልጥ ይታያችኋል፤ «ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ቤጂንግ ሄደን የገዛነው መጽሐፍ» ብትሉም መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ይጠብቃችኋል።

ጥያቄም ሞክሩ። እንግሊዝኛ ዋትን ወደ ፊት ይጎትትና ዱ ይጨምራል። ቻይንኛ «ኒ ማይ ሸንመ?» (አንተ ምን ትገዛለህ?) ይላል፤ «ምን» የሚለው ቃል መልሱ በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጣል። አዎ ወይም አይደለም ለሚያስመልስ ጥያቄ ደግሞ መጨረሻ ላይ «ማ» መጨመር በቂ ነው፦ ኒ ማይ ሹ ማ? መጽሐፍ ትገዛለህ ወይ?

ከዚህ በኋላ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ስትሠሩ ከአማርኛው ጀምሩ። «መቼ» እና «የት» የሚመልሱትን ቃላት ባሉበት ተዉ፣ ግሱን ብቻ ከሚገዛው ወይም ከሚበላው ነገር በፊት አምጡት። ለዛሬ «ነገ ቤት ውስጥ ሩዝ እበላለሁ» የሚለውን ሞክሩ።