ሳሙና በእጅ እንዴት ይሠራል? ነገሩ ሁሉ ሚዛኑ ላይ ነው

ዘይት ብቻውን ሳሙና አይሆንም። የቱንም ያህል «ተፈጥሯዊ» ብትሉት ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ የዳቦ ሶዳ አይደለም) ያስፈልገዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ዘይቱ ይፈርስና ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናል። ልኩን ካገኛችሁት ሶዳው ተበልቶ ያልቃል።

ጣጣው ልኩ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዘይት የሚበላው ሶዳ ይለያያል። 1 ግራም የወይራ ዘይት 0.134 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ የኮኮናት ዘይት ግን 0.183 ይፈልጋል። 700 ግራም ወይራና 300 ግራም ኮኮናት ብንል 93.8 እና 54.9፣ በድምሩ 148.7 ግራም ሶዳ ይመጣል። ይህን ሁሉ አትጨምሩ። 5 በመቶ ቀንሱለትና 141 አድርጉት። ሳይበላ የሚተርፈው ዘይት ቆዳ ያለሰልሳል፤ በሚዛን ብትስቱም ያድናችኋል።

እኔ አንዴ ኮኮናት አለቀብኝና ሙሉውን በወይራ ተካሁት። ሶዳውን ግን እዚያው 141 ላይ ተውኩት። ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ! 1 ኪሎ ወይራ የሚችለው 134 ብቻ ነው። 7 ግራም ምን ያመጣል እንዳትሉ። ከወር በኋላ ሳሙናው እንደ ጠመኔ ይፈረፈር ነበር፤ የታጠብኩበት ዕለት እጄን ሲያሳክከኝ ዋለ። ሁሉንም ጣልኩት። በኩባያ መለካትማ ጭራሽ አይታሰብ። ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ። ሶዳውን 280 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሳችሁት ይፈናጠራል። ሲሟሟ በጣም ይግላል፤ እንፋሎቱን አትማጉ። አሉሚኒየም ዕቃ አይሆንም፤ ሶዳው ይበላዋል። ቆዳ ከነካ በብዙ ውሃ ታጠቡ።

ዘይቱም ሶዳውም ወደ 40 ዲግሪ ሲወርዱ ቀላቅሉ። በማንኪያ ማማሰል ክንድ መጨረስ ነው፤ የእጅ ብሌንደር ይሻላል። ከፍ አድርጋችሁ ስታንጠባጥቡት ጠብታው ላዩ ላይ መስመር ጥሎ ከቆየ ደርሷል። የሎሚ ጭማቂ ልጨምር የሚል አለ፤ አሲዱ ሶዳውን ይሻማና ስሌታችሁን ያዛባዋል። ማርም ሙቀቱን ያንረዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባትሞክሩት እመርጣለሁ።

ቅርጽ ውስጥ ገልብጡት፤ በማግስቱ ከጠነከረ ቁረጡ። ከዚያ አየር በሚያገኘው ቦታ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀመጥ። ውሃው ሳይተን ከተቸኮለ ማስቀመጫው ላይ ሙልጭልጭ ብሎ ያልቃል።