ስሞግ የወደቀ መኪና ካላችሁ ለብረት ገዢ ከመስጠታችሁ በፊት

ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ከሆነና አሮጌ መኪናችሁ ስሞግ (የጭስ ምርመራ) አላልፍ ካለች፣ ስቴቱ መኪናዋን ተረክቦ ገንዘብ ይሰጣችኋል። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። ኦክላንድ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። የኛ ሰው የለፋባትን ካምሪ ወይም ኮሮላ ለብረት ገዢ በጥቂት መቶ ዶላር ሲለቅ አይቻለሁ። ያበሳጨኛል። ያው መኪና በትክክለኛው መንገድ ቢሄድ 1,350 ዶላር ያስገኛል። የቤተሰቡ ገቢ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ 2,000 ዶላር። ይህን ስጽፍ ያለው ክፍያ ይህ ነው።

ፕሮግራሙ ኮንሱመር አሲስታንስ ፕሮግራም ይባላል፤ በአጭሩ ካፕ ይሉታል። የሚያስተዳድረው የስቴቱ የመኪና ጥገና ተቆጣጣሪ ቢሮ ነው። ያው ስሞግ ጣቢያዎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። የግል ድርጅት አይደለም፤ ለማመልከትም ገንዘብ አይጠየቅም። «እኔ ላስጨርስልህ» ብሎ ኮሚሽን የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ሂዱ በሉት።

ስቴቱ ለምን ይከፍላል? ያረጀ መኪና ከአዲሱ ብዙ እጥፍ ጭስ ስለሚያወጣ ነው። ከመንገድ ላይ ማንሳቱ ለሁሉም ይጠቅማል። ሳን ሊያንድሮና ምሥራቅ ኦክላንድ፣ ፍሪዌዩ ሥር ቤት ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ ኢንሄለር የሚይዙ ይህን ለማወቅ የኔን ስብከት አትፈልጉም።

መጀመሪያ የሚያከራክረው ጥያቄ ልጠግናት ወይስ ላስረክባት የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ያው ካፕ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የጥገና እርዳታም አለው። መኪናው የ1996 ሞዴል ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነ እስከ 1,450 ዶላር፣ ከ1976 እስከ 1995 ያለው ደግሞ እስከ 1,100 ዶላር ለጭስ ነክ ጥገና ይሸፍናል። ከወጪው የተወሰነውን እናንተ ትከፍላላችሁ። ጥገናውም የሚሠራው ቢሮው በፈቀደለት ጋራዥ እንጂ በሰፈራችሁ መካኒክ አይደለም።

እኔ በበኩሌ እንዲህ እመክራለሁ። ሞተሩ ደህና፣ ካምቢዮው ደህና ሆኖ የወደቀችው በካታሊቲክ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ወይም በኦክስጅን ሴንሰር ብቻ ከሆነ አስጠግኗት። ካሊፎርኒያ የምትቀበለው ካታሊቲክ ከሌላው ስቴት በጣም ይወደዳል፤ ስለዚህ ያ እርዳታ ዋጋ አለው። ዘይት የምትጠጣ፣ ካምቢዮዋ የሚያንሸራትት፣ ራዲያተሯ የሚያፈስ መኪና ላይ ግን አንድ ሺህ ዶላር አታፍስሱ። ዛሬ ስሞግ ብታልፍ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ቦታ ትጥላችኋለች። ያቺን አስረክቧት።

«ለሌላ ሰው ብሸጣትስ?» የሚል አይጠፋም። በካሊፎርኒያ ሕግ ስሞግ የማለፍ ግዴታ ያለበት ሻጩ ነው። በ90 ቀን ውስጥ የወጣ የስሞግ ሰርተፊኬት ለገዢው መስጠት አለባችሁ። ስሞግ የወደቀች መኪና ለወዳጅ በርካሽ መስጠት ችግሩን ለወዳጅ ማውረስ ነው። ሬጅስትሬሽኗን ወደ ስሙ ማዞር አይችልም፤ ፓርኪንግ ቲኬቱም ቶሉም (የመንገድ ክፍያው) በእናንተ ስም ይመጣል። «አገር ቤት ልላካት» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ኢትዮጵያ በቤንዚን የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

እንግዲህ ለማስረከብ ወሰናችሁ እንበል። ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ማመልከቻው ቀላል ነው፤ ሰው የሚወድቀው ከማመልከቻው በፊትና በኋላ ነው።

ከስሞጉ ልጀምር። ያልተቋረጠ፣ እስከ መጨረሻው የተካሄደ ምርመራ ያስፈልጋችኋል። ወረቀቱ ላይ ውጤቱ በግልጽ መጻፍ አለበት። ብዙዎቻችን ስሞግ ልንሄድ ስንል ባትሪ ነቅለን እንመልሳለን፤ የቼክ ኢንጂን መብራቷ እንድትጠፋ። ይህን አታድርጉ። ከ2000 ሞዴል ወዲህ ያሉ መኪኖች የሚመረመሩት በኮምፒውተራቸው በኩል ነው። ባትሪ ሲነቀል ኮምፒውተሩ የያዘው መረጃ ይጠፋል። ምርመራ ላይ ሲሰካ «ገና ዝግጁ አይደለሁም» ይላል። እሱን ለመመለስ ደግሞ ቀናት መንዳት ይጠይቃል። የወደቀች መኪና ይዞ ለሚያመለክት ሰው ጭራሽ ጣጣ ነው። መብራቷ በርታ እንዳለች ሂዱ። እውነተኛው ውጤት ይውጣ። ወረቀቱን ጓንት ቦክስ ውስጥ አትተዉት፤ ቤት አስገቡት።

ቀጥሎ ሬጅስትሬሽን። መኪናዋ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ የተመዘገበች መሆን አለባት። አጭር ክፍተት ይታለፋል፤ ከ120 ቀን የበለጠ ግን ችግር ነው። «ስሞግ ስላላለፈች ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) አይቀበለኝም» ብሎ ክፍያውን የሚተው ሰው አለ። ስህተት ነው። ስሞግ ባታልፍም ክፍያውን በጊዜው መክፈል ትችላላችሁ። ስቲከሩ አይመጣም እንጂ ቅጣት አይቆለልባችሁም። ኢንሹራንሱንም እንዳትሰርዙ። ኢንሹራንስ ካምፓኒው ለዲኤምቪ በኮምፒውተር ያሳውቃል፤ ዲኤምቪ ሬጅስትሬሽኑን ያግዳል። መኪናዋ ቆማለች ብላችሁ «አትነዳም» የሚለውን ፎርም ከማስገባታችሁ በፊትም ወደ ካፕ ደውላችሁ ጠይቁ። ፕሮግራሙ የሚፈልገው መንገድ ላይ ያለ መኪና ነው። ዓመታት ጓሮ የቆመ ብረት አይቀበልም።

ከዚያ ታይትል፣ ማለትም የመኪናዋ የባለቤትነት ወረቀት። የኛ ሰው ብዙ የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ታይትሉ በራሳችሁ ስም መሆን አለበት። ከጓደኛ ገዝታችሁ ስም ሳታዞሩ የምትነዱ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። የባንክ ዕዳ ከነበረባትና ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ የባንኩ ስም መነሳቱን አረጋግጡ። ባልና ሚስት ሆናችሁ ሁለታችሁም የተጻፋችሁ ከሆነ፣ በሁለቱ ስም መካከል ያለውን ቃል ተመልከቱ። «ኦር» (ወይም) ከሆነ የአንዳችሁ ፊርማ ይበቃል። «ኤንድ» (እና) ከሆነ የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል። አንድ ጋሼ አውቃለሁ፤ የ1999 ካምሪ ነበረቻቸው። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ታይትሉ ላይ «ኤንድ» ሆኖ ተገኘ። እትዬ ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው፣ ለቅሶ ሄደው። እሳቸው እስኪመለሱ ተጠበቀ። ታይትል የጠፋበት ሰው ዲኤምቪ ሄዶ ሬግ 227 የሚባለውን ፎርም ይሙላ፤ ምትክ ይሰጠዋል። ግን ዛሬውኑ ጀምሩት። ካመለከታችሁ በኋላ የብቁነት ደብዳቤው ሲመጣ መሯሯጥ ያደክማል።

ማመልከቻውን በቢሮው ድረ ገጽ መሙላት ይቻላል። ወረቀት የሚመርጥም በፖስታ ይልካል። 2,000 ዶላሩን ለማግኘት የቤተሰባችሁ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 225 በመቶ መብለጥ የለበትም። በ2025 መለኪያ ሲሰላ ለብቻው ለሚኖር ሰው በዓመት 35,200 ዶላር ገደማ ነው። አራት ሰው ላለበት ቤት ደግሞ ወደ 72,300 ዶላር ይደርሳል። አራት ሰው ላለበት ቤት ቁጥሩ እንዲህ ከፍ ማለቱን ብዙ ሰው አያውቅም። «እኔ ደሃ አይደለሁም፣ ይህ ለኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። አትለፉት። ፓርኪንግ የምትሠሩ፣ ሆም ኬር የምትሠሩ፣ ኡበር የምትነዱ፣ ልጆች የምታሳድጉ ብዙዎቻችሁ ውስጡ ናችሁ። የታክስ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ አወዳድሩ። ከዚያ በላይ የምታገኙም 1,350ው አይቀርባችሁም።

ባጀቱ በየዓመቱ የሚመደብ ነው። የስቴቱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው በጁላይ ነው። ስለዚህ አታዘግዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የፌዴራሉ መንግሥት ለአሮጌ መኪና ከ3,500 እስከ 4,500 ዶላር የሰጠ ጊዜ፣ መጀመሪያ የተያዘው አንድ ቢሊዮን ዶላር በሳምንት ገደማ ነው ያለቀው። ኮንግረስ ሁለት ቢሊዮን ጨመረበት፤ እሱም በኦገስት መጨረሻ ተዘጋ። ብዙ የታክሲ ጓደኞቼ ስናስብበት አለፈን ብለው ነበር።

አሁን ዋናውን ልበል። ካመለከታችሁ በኋላ የብቁነት ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል። ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ መኪናዋን ለማንም አትስጡ። መኪና ማፍረሻ ቦታ ሄዳችሁ «በኋላ ይከፈለኛል» ብላችሁ ካስረከባችሁ ስቴቱ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ደብዳቤው የጊዜ ገደብ አለው። ከስቴቱ ጋር ውል ያላቸው ማፍረሻ ቦታዎችም ተለይተው ይነገሯችኋል፤ ወደ ሌላ አትሂዱ። ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ።

የማስረከቢያው ቀን የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ከጋሼ ጋር አብሬ ሄጃለሁ። መኪናዋን በራሷ ሞተር ነድታችሁ ነው የምታስገቧት። በቶው ትራክ ተጭና የመጣች አትሆንም። ሠራተኛው ቁልፉን ይወስድና ራሱ ያስነሳታል። በሌላ መኪና ባትሪ ወይም በስፕሬይ መነሳት የለባትም። ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይነዳታል። ከዚያ ዞሮ ያያታል፦ በሮቿ አሉ ወይ፣ ኮፈኑ፣ የፊት መስታወቱ፣ የሾፌር ወንበር፣ መከላከያ፣ የፊት መብራቶች፣ የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት። የጭስ ማውጫውም ሙሉ መሆን አለበት። ስለዚህ «የምትፈርስ ከሆነ» ብላችሁ ካታሊቲኳን ነቅላችሁ አትሽጡ። የተሰረቀባችሁ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከቀናት በፊት ባትሪዋን አስመርምሩ፤ ከደከመ ከወዳጅ ደህና ባትሪ ተውሳችሁ ግጠሙ። የተቃጠለ አምፖል ቀይሩ። ጥቂት ዶላር ነው፤ በእሱ ምክንያት ሁለት ሺህ አይታጣም።

በዋናው ቀን ዋናውን ታይትል፣ ደብዳቤውን፣ ሬጅስትሬሽኑን፣ መታወቂያችሁን ያዙ። መኪናዋን በደንብ ፈትሹ። ከወንበር ሥር፣ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ፣ ከጎማው ጉድጓድ። ከመስታወቱ ጀርባ የተለጠፈውን ፋስትራክ (የቶል መክፈያውን መሣሪያ) አንሱ። ጋሼ የእመቤታችንን ሥዕል ረስተው ከበሩ ላይ ተመልሰው ነው ያወጡት። ከተረከቧት በኋላ መኪናዋ ወደ መንገድ አትመለስም፤ ሐሳብ መቀየር የለም። ወደ ቤት የሚወስዳችሁ ሰው አዘጋጁ።

በዚያው ቀን ማታ ስልካችሁ ላይ ዲኤምቪ ገብታችሁ ከእጃችሁ መውጣቷን አሳውቁ። ሕጉ የሚሰጣችሁ 5 ቀን ነው። ይህን ሳታደርጉ የሚመጣ ቲኬት እናንተን ይፈልጋል። ማረጋገጫውን ፎቶ አንሱት። ኢንሹራንሱ የሚሰረዘው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ ማመልከቻውን ከመላካችሁ በፊት እዩት። ክሊን ካርስ ፎር ኦል ይባላል። የሚያስተዳድሩት የየአካባቢው የአየር ጥራት መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ቤይ ኤሪያ፣ ሳክራሜንቶ፣ ሳን ዋኪን ሸለቆ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ዲዬጎ። አሮጌዋን አስረክባችሁ በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ወይም ለሃይብሪድ መኪና መግዣ እስከ 12,000 ዶላር ድረስ ልታገኙ ትችላላችሁ። የገቢ ጣሪያው የድህነት መለኪያው 300 በመቶ ስለሆነ ከካፕ ይልቅ ሰፋ ይላል። መኪና የማትፈልጉ ደግሞ በአውቶቡስና በባርት ባቡር መሄጃ ካርድ ወይም በኤሌክትሪክ ብስክሌት መልክ መውሰድ ትችላላችሁ። ግን ወረፋ አለው፤ ባጀት ሲያልቅ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። እዚህም ፈቃዱ ሳይመጣ ዲለር ዘንድ ሄዳችሁ እንዳትፈርሙ፤ አስቀድሞ የተገዛ መኪና አይታሰብም። አንዲት መኪና ለሁለቱም ፕሮግራም አትሰጥም። ሌላ መኪና የግድ የሚያስፈልጋችሁና መጠበቅ የምትችሉ ከሆነ ይህኛው ይሻላችኋል። መኪናዋ ዛሬ ነገ ቀጥ ልትል ከሆነ ወይም ቤታችሁ ውስጥ ሁለተኛ መኪና ካለ ካፕን ያዙ። ዲለሮች አሁንም የሚያወሩት የ7,500 ዶላር የፌዴራል የታክስ ቅናሽ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አብቅቷል፤ በሒሳባችሁ ውስጥ አታስገቡት።