በኤልኤምኤ ውስጥ ቲዩብ አልገባ ሲል ምን እናድርግ? (ችግርና መፍትሄ)

ይሄ ኦአር (ቀዶ ጥገና ክፍል) ለምትሰሩ አኔስቴቲስቶች ነው። በሽተኛው በኤልኤምኤው (ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ አየር በሚያሳልፈው ማስክ) ጥሩ ኦክስጅን እያገኘ ከሆነ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው፣ ቲዩቡ (በሱ ውስጥ ወደ አየር ቧንቧ የሚላከው ቱቦ) አልገባ ካለ አትግፉ፣ መልሳችሁ ቬንትሌት አድርጉት (አየር ስጡት)፣ ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን) ይመለስ፣ ማደንዘዣውና ሪላክሳንቱ (ጡንቻ የሚያላላው መድሃኒት) በቂ መሆኑንም እዩ ምክንያቱም የድምፅ አውታሩ ከተዘጋ ምንም ብታደርጉ አያልፍም።

ችግር፦ ገና ቲዩብ ሳይሞከር አየሩ በደንብ አይገባም፣ በጎን ይወጣል።
ኤልኤምኤው ቦታውን አልያዘም ወይ ሳይዙ አይሆንም። ፋስትራክ (ቲዩብ ለማሳለፍ የተሰራው ባለ እጀታ ኤልኤምኤ) ከሆነ እጀታውን ይዛችሁ ባግ እያደረጋችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ አየሩ በጣም ቀሎ የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ። ካልተገኘ ሳይዝ ቀይሩ። አየር በደንብ ሳይገባ ቲዩብ መላክ የእውር ድንብር ነው፣ አትሞክሩት።

ችግር፦ ቲዩቡ ገብቶ ይያዛል፣ አልሄድም ይላል።
እዚህ ጋ የት እንደቆመ ማየት ብዙ ነገር ይነግራል። የፋስትራክ ቲዩብ ላይ 15 ሴ.ሜ. ላይ አግድም መስመር አለ፣ መስመሩ እጀታው ያለበት ቱቦ አፍ ላይ ሲደርስ የቲዩቡ ጫፍ ኤፒግሎቲስ (የአየር ቧንቧውን ክዳን) የምታነሳዋ የኤልኤምኤው ምላስ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ከዛ 2 ሴ.ሜ. ገደማ አልፎ ከቆመ ብዙ ጊዜ ኤፒግሎቲሱ ታጥፎ ነው፣ የኤልኤምኤውን ካፍ (በአየር የሚነፋውን ክፍል) ሳታስተነፍሱ ኤልኤምኤውን ራሱን 6 ሴ.ሜ. ያህል ወደ ውጭ ሳቡና መልሳችሁ አስገቡት። ከመስመሩ 3 ሴ.ሜ. አልፎ ከቆመ ትልቅ ሳይዝ ኤልኤምኤ፣ 4 ወይ 5 አልፎ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ሳይዝ ሞክሩ።

ችግር፦ ቲዩቡ ሰተት ብሎ ገባ ግን ካፕኖግራፉ (የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሳየው ማሽን) ላይ ምንም የለም።
ኢሶፋገስ (የምግብ ቧንቧ) ነው፣ አትከራከሩ። ደረት ላይ የሚሰማ ድምፅ ያሳስታል። አውጡት፣ ቬንትሌት አድርጉ፣ ቀጥሎ ስትሞክሩ እጀታውን ወደ ጣሪያ ብድግ አድርጋችሁ ያዙት፣ ጥርስ ላይ ተደግፎ መፈልቀቅ ግን አይደለም።

ችግር፦ ይሄ ሁሉ ተደርጎም እምቢ አለ።
ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቡዢ (ቲዩብ የሚመራ ቀጭን ዘንግ) ያነሳል። እኔ በጭፍን ቡዢ በኤልኤምኤ ውስጥ መላክን አልደግፍም፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢሶፋገስ ነው የሚሄደው፣ እየተደጋገመ ሲሄድ ደግሞ ያቆስላል፣ ያደማል፣ ያሳብጣል፣ ከዛ በፊት ይሰራ የነበረው ኤልኤምኤም መስራቱን ያቆማል። የ2015 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዞቹ የዲኤኤስ (የአስቸጋሪ አየር መንገድ ማህበር) ጋይድላይንም በጭፍን ማስገባትን አይመክርም። ፋይበርኦፕቲክ ስኮፕ (ውስጥ የሚያሳይ ተጣጣፊ መሳሪያ) ካለ አይንትሪ ካቴተር (ቲዩብ የሚመራ ባዶ ቱቦ) ላዩ ላይ አጥልቁ፣ ባግ እያደረጋችሁ እንድትቀጥሉ በስዊቭል ኮኔክተር (ስኮፕ ማሳለፊያ ቀዳዳ ባለው ማገናኛ) በኩል አሳልፉ፣ ከካሪና (የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት) በላይ እንደደረሰ እያያችሁ ስኮፑን አውጡ፣ ከዛ ኤልኤምኤውን፣ ከዛ 7.0 ወይ ከዛ በላይ ቲዩብ በካቴተሩ ላይ አንሸራቱ። ኮርዱ (የድምፅ አውታሩ) ጋ ሲደርስ ከተያዘ አትጫኑ፣ ትንሽ መለስ አድርጋችሁ ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙሩት።

ክላሲክ ኤልኤምኤ 4 ቁጥር የሚያሳልፈው 6.0 ቲዩብ ነው፣ ርዝመቱም ሊያጥር ይችላል፣ ካፉ ኮርድ መሀል ቀርቶ ያስቸግራል። አይጄል (ካፍ የሌለው የኤልኤምኤ አይነት) 4 ግን 7.0 ያሳልፋል፣ ከዛ በስኮፕ ቀጥታ ይሆናል። ቲዩቡ ያለ አይንትሪ ቀጥታ ከገባ በኋላ ኤልኤምኤውን ለማውጣት ትግል ውስጥ አትግቡ፣ ካፍ ካለው የኤልኤምኤውን ካፍ አስተንፍሱና እዛው ይቆይ።

ስኮፕ የለም? እኛ ሀገር ብዙ ቦታ ላይ የለም። ቀዶ ጥገናው ለሌላ ጊዜ ሊተላለፍ የሚችል ከሆነ በሽተኛውን ማንቃት ነው፣ ይሄ ሽንፈት አይደለም። ጊዜ የማይሰጥ ከሆነና ኤልኤምኤው እየሰራ ከሆነ፣ ሪስኩን ከሰርጅኑ ጋር ተነጋግራችሁ በሱ መቀጠልም ይቻላል። ኤልኤምኤውም ማስኩም ቲዩቡም ኦክስጅን ማድረስ ካቃታቸው ግን አንገት ላይ ቀዶ ቲዩብ ማስገባት ነው፣ 10 ቁጥር ብሌድ፣ ቡዢ፣ ካፍ ያለው 6.0 ቲዩብ። ቡዢው በጭፍን ሙከራ ደም ነክቶት ጥግ ከሚጣል ለዚህ ሰዓት ከብሌዱ አጠገብ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።