ከኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት በሁለት ሪከርደር የተቀዳ ድምፅ እያደር ሲለያይ

ሁለቱን ስቴሪዮ ቅጂዎች፣ አንዱን ለፊት ሌላውን ለኋላ ስፒከሮች፣ ሪፐር በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ባለ አራት ቻናል ሳደርጋቸው መጀመሪያው ይገጥማል፤ 30ኛው ደቂቃ ላይ ግን የቺንጋው ምት ከኋላ ስፒከሮች ዘግይቶ ይመጣል። መነሻውን ደጋግሞ ማስተካከል አልረዳም። ሁለቱም 48 ኪሎኸርትዝ ስለሆኑ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) መቀየርም ዋጋ የለውም። ምክንያቱ የየሪከርደሩ የውስጥ ሰዓት ነው፦ ከሚሊዮን 20 ብቻ ቢለያዩ በ30 ደቂቃ 36 ሚሊሰከንድ ይሆናል።

የሠራው ይህ ነው። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊትና ከጠፋ በኋላ አጨብጭቡ፤ ይህን በፍጹም አትዝለሉ። ሁለቱንም ፋይል በመጀመሪያው ጭብጨባ ላይ ቁረጡና አግጥሙ። እስከ መጨረሻው ጭብጨባ ያለውን ርዝመት ለኩ፤ የኋላ ስፒከሮቹን ፋይል ርዝመት ለፊቶቹ ፋይል ርዝመት አካፍሉ። ሪፐር ላይ የኋላውን ፋይል መርጣችሁ ኤፍ 2 ተጫኑ፤ በሚከፈተው መስኮት የማካፈሉን ውጤት፣ ለምሳሌ 1.00002፣ ፕሌይባክ ሬት (የማጫወቻ ፍጥነት) ላይ ጻፉ። «ፕሪዘርቭ ፒች» (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ጠብቅ) ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ አለዚያ ምቱ ሊደበዝዝ ይችላል። የፒች ለውጡን ጆሮ አይለየውም።