ራውተሩን እያጠፋ የሚያስነሳው አዳፕተሩ ነበር

ራውተሬ ተጠቃሚ ሲበዛበት እየጠፋ ይነሳ ነበር። መስመሩ ደህና ነው። ጠረጠርኩና አዳፕተሩን በቴስተር ለካሁት። ብቻውን 12 ቮልት ያሳያል፤ ራውተሩን ይዞ ዋይፋዩ ሲጨናነቅ ግን ወደ 9 ይወርዳል። ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ቮልቱን የሚያረጋጋው ዕቃ) ሲያረጅ እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ ራውተሩ ላይ ሳይሰካ የተለካ ቮልት አይታመንም።

ምትክ ሲገዛ ቮልቱ የግድ ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን። አምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፤ ራውተሩ የሚስበው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። የኔ 1 አምፔር ይላል፤ ባለ 1.5 ሰካሁበት። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም።

ጫፉ ስለገጠመ ብቻ ግን እንዳትሰኩ! የገመድ አልባ ስልክ አዳፕተር ጫፉ ተመሳስሎ ቮልቱ ሊለይ ይችላል። የፕላስና የማይነስ ምልክቱንም አስተያዩ፤ ከተገለበጠ ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል።